ከልጆች ጋር ረጅም የሸራ ጉዞ፦ እንቅልፍ ስለሚነሡን ጥቃቅን ነገሮች

የሸራ እናት ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን (ትልቁ ዘጠኝ፣ ትንሿ አምስት ዓመታቸው ነው) ከካናሪ ደሴቶች ተነሥተን አትላንቲክን ወደ ካሪቢያን ልንሻገር ነው። መንገዱ 2,700 የባሕር ማይል ያህል ነው። ጀልባችን 12 ሜትር ርዝመት አላት፤ በአማካይ አምስት ኖት ተኩል (በሰዓት አምስት ተኩል የባሕር ማይል ማለት ነው) ከሄደችልን ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅብናል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት በይፋ የሚያበቃው በኖቬምበር መጨረሻ ስለሆነ የምንነሣው ታኅሣሥ ላይ ነው።

ስለ ትልልቆቹ ነገሮች አልጠይቃችሁም። የነፍስ አድን ታንኳው ተመርምሯል፣ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ተመዝግቧል፣ ምሰሶውን የሚደግፉት ሽቦዎች በባለሙያ ታይተዋል፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠናም ሁለታችንም ወስደናል። ማዕበልን በተመለከተ ማድረግ የምችለውን አድርጌያለሁ፤ ቀሪውን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

አሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። ሙዙ ሁሉ በአንድ ቀን ቢበስልስ? ትንሿ ያላትን ልብስ በሙሉ በጨው ውሃ ብታርስስ? እኔና ባለቤቴ እንቅልፍ ባጣን ቁጥር በስኒ አቀማመጥ ብንጣላስ? ያለንበትን በሚያሳየው የኢንተርኔት ካርታ ላይ የምትታየው ነጥባችን ለአንድ ቀን ብትቆም እናቴ ምን ትሆናለች? ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «ይህ ደግሞ ጭንቀት ነው?» ይለኛል። ጭንቀት ነው። የማዕበል ታሪክ ያላችሁ እባካችሁ ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። የተሻገራችሁ ሰዎች፣ ትንንሾቹን ንገሩኝ።

የሌሊት ተረኛ ጻፈ፦

እንኳን ደህና መጣሽ። ትንሽ ነገር ከተባለ ከድምፅ የሚቀድም የለምና ከእሱ ልጀምር።

የንግድ ነፋስ (በዚያ መንገድ ላይ ከምሥራቅ በኩል ሳያቋርጥ የሚነፍሰው ነፋስ) ከኋላ ሲገፋት ጀልባ ረግታ አትሄድም፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስትወዛወዝ ትከርማለች። ወደብ ላይ ለወራት ዝም ብሎ የኖረ ዕቃ ሁሉ በሁለተኛው ቀን አፍ ያወጣል። የተኛው ሰው ጆሮ ደግሞ ከጀልባዋ ግድግዳ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው፤ ግድግዳው እንደ ከበሮ ትንሹን ሁሉ አጉልቶ ያሰማል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው እንበል። ተራሽን ጨርሰሽ ጋደም ብለሻል። ቷ። ከሳጥኖቹ በአንዱ ውስጥ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ተንከባልሎ ይመታል፤ ጀልባዋ ወደዚያኛው ጎን ስታዘነብል ተንከባልሎ ይመለሳል። ቷ። ልክ ቢኖረው ይለመድ ነበር። ግን አራት ጊዜ ይመታና በአምስተኛው ይቀራል፤ ጆሮሽ የቀረውን ሲጠብቅ እንቅልፍሽ ይበናል። የእጅ ባትሪ ይዘሽ ትነሺያለሽ። ሳጥኑን በከፈትሽ ቅጽበት ሁሉም ቆርቆሮ ጨዋ ይሆናል። መዳፍሽን በየተራ እየጫንሽባቸው ትጠብቂያለሽ፤ አንድ ሞገድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምንም። ዘግተሽ ተመልሰሽ ትተኛለሽ። ቷ።

መድኃኒቱ ከመነሣት በፊት ነው ያለው። በየቆርቆሮው መካከል ካልሲና ፎጣ ይግባ፤ ባዶ ቦታ ያለው ሳጥን አይኑር፤ ጠርሙስ ከጠርሙስ አይነካካ። መንገድ ላይ ከጀመረ ደግሞ ለሁለት ነው የሚፈለገው፦ አንዱ መኝታው ላይ ተኝቶ ያዳምጣል፣ ሌላው እየነካካ ያጣራል። የዘጠኝ ዓመቱን ልጅሽን ለዚህ ሥራ ሹሚው፤ የልጅ ጆሮ ከእኛ ይሻላል።

አሮጌ መልህቅ ጻፉ፦

ልጄ፣ አስቀድመሽ ማሰብሽ መልካም ነው፤ ግን አታብዢው። እኛ ስንሻገር በሌሊት ቆርቆሮ የሚያሳድድ ሰው አላየሁም። ጆሮሽ ላይ ጥጥ አድርጊና ተኚ።

ይህን የምለው ለማፌዝ አይደለም። ከዘረዘርሻቸው ውስጥ ግማሾቹን የሚወልዳቸው የእንቅልፍ እጦት ነው። በቅጡ የተኛ ሰው በስኒ አይጣላም። ስለዚህ ከሙዙ በፊት የጥበቃ ተራችሁን አስቢ። ሁለት ዐዋቂ ብቻ ስትሆኑ ሦስት ሰዓት ጥበቃ፣ ሦስት ሰዓት እንቅልፍ የተለመደ ነው፤ አራት አራት የሚያደርጉም አሉ። በታኅሣሥ በዚያ ኬክሮስ ሌሊቱ ወደ 13 ሰዓት ይጠጋል፤ ለሁለት ተካፍለውት እንኳ ረጅም ነው። ሰው ሁሉ የሌሊቱን ተራ በወረቀት ላይ አሳምሮ ይጽፍና ቀኑን ይረሳዋል። ቀን ላይ አንዳችሁ ጀልባዋን ስትይዙ ሌላው እንቅልፉን ማካካስ አለበት። ያኔ ልጆቹን ማን ይይዛል? የአምስት ዓመት ልጅ አባቷ ተኝቷል ተብላ በሹክሹክታ አትጫወትም። ከሰዓት በኋላ፣ ከተረኛው በቀር ሁሉም በየመኝታው የሚሆንበት ሰዓት ይኑራችሁ፤ መተኛት ግዴታ አይሁን፣ ዝም ማለት ግን ግዴታ ይሁን።

የሌሊት ተረኛ መደወያ ሰዓት ይኑረው። 20 ኖት የሚሄድ የጭነት መርከብ በሩብ ሰዓት አምስት የባሕር ማይል ይበላል፤ ከፊት ለፊት ከመጣ የእናንተም ፍጥነት ይደመርበታል። መርከቦችን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ ጥሩ ነው፤ ግን ምልክት የማይልክ ዓሣ አጥማጅን አያሳይም። ተነሥቶ በዐይን ዙሪያውን መቃኘትን የሚተካ ነገር የለም።

ገመድ ፈታሽ ጻፈ፦

ጋሽ መልህቅ፣ ስለ እንቅልፍ ያሉትን እቀበላለሁ፤ በጥጡ ላይ ግን አልስማማም። የ1972ቱ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ አምስተኛው አንቀጽ እንኳ ጥበቃው በዐይንም በጆሮም ይሁን ነው የሚለው። ጥጡ ለተኛው ሰው ነው ይሉኝ ይሆናል። የተኛው ሰው እኮ ብዙ ጊዜ ከተረኛው በፊት ይሰማል፤ ላይ ያለው ነፋስና ሞገድ ነው የሚሰማው፣ ታች ያለው ግን ጀልባዋን ራሷን ነው የሚሰማው።

ለባለ ጥያቄዋ ይህን ልጨምር። በንግድ ነፋስ ውስጥ ሸራ አንዴ ከተዘረጋ ለቀናት በዚያው ይቆማል። ይህ ደስ ይላል፤ ጉዳቱ ግን ገመዱም በፑሊው ላይ ለቀናት በዚያችው ጣት በምታህል ቦታ ላይ ይፋተጋል። ገመድ በአንድ ኃይለኛ ነፋስ ሲበጠስ እምብዛም አላየሁም፤ ሲበላ ሰንብቶ በለስላሳ ነፋስ ሲበጠስ ግን አይቻለሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን የተወጠረ ገመድ አንድ መዳፍ ያህል ማላላት ወይም መሳብ ነው። የሚፋተገው ቦታ ይቀየራል፤ በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ብርሃን እንደወጣም የጀልባዋን ወለል ከኋላ እስከ ፊት መዞር ልማድ ይሁን፤ ራስን ከጀልባዋ ጋር በማሰሪያ አስሮ፣ ጊዜ ወስዶ። መጀመሪያ የምታገኙት በሌሊት ዘለው የወደቁ በራሪ ዓሦችን ይሆናል፤ ልጆቹ ለቆጠራው ይሽቀዳደማሉ። አንድ ጠዋት እኔ ከምሰሶው ሥር፣ በገመድ ጥቅልል ውስጥ፣ ጥፍር የምታህል የታጠፈች ፒን አገኘሁ። ከየት እንደወደቀች አይታወቅም። ነገሩን ንቆ ወደ ባሕር መወርወር ቀላል ነበር። ከላይ ጀምሬ በመነጽር ብቃኝ ሁሉም ደህና ነው፤ በመጨረሻ አግዳሚውን ግንድ ከምሰሶው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ብረት ከቦታው ወደ ላይ ግማሽ ድረስ ወጥቶ አየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ስትሰማ የነበረችው «ጭር፣ ጭር» የምትል ድምፅ እሷ ነበረች። በመዶሻ መታ መታ አድርጎ መመለስና አዲስ ፒን አግብቶ በፒንሳ ማጠፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ቆርቆሮው ቆርቆሮ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮ መሆኑን የምታውቂው ግን ስታገኚው ነው።

አሮጌ መልህቅ ጻፉ፦

ፒኗን ማን ናቀ? ዙረት ዙር አልኩ እንጂ፣ በሌሊት ሳጥን አትክፈት ነው ያልኩት።

የሌሊት ተረኛ ጻፈ፦

ጋሼ፣ ዙረት የምትል ቃል ከላይ የጻፉት ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ይሁን፣ ተስማምተናል።

ነርሷ ጻፈች፦

ስለ ማቅለሽለሽ እስካሁን ማንም አለማንሣቱ ገርሞኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት የሚያበላሸው እሱ ነው።

የሚመጣው የውስጥ ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል፣ ዐይን ደግሞ ጓዳ ውስጥ ሆኖ «ኧረ ቆመናል» ሲል ነው። ስለዚህ ውጭ ወጥቶ አድማሱን ማየት ይረዳል፤ ታች ገብቶ መጽሐፍ ማንበብ ወይም ጡባዊ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ ያባብሳል። አብዛኛው ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይላመደዋል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን እምብዛም አይነካቸውም፤ የእናንተ ልጆች ግን በሚጋለጡበት ዕድሜ ላይ ናቸው። መኝታቸው ወደ ጀልባዋ መሃል ይሁን፤ ከጫፎቹ ይልቅ እዚያ መናወጡ ያነሰ ነው።

ስለ መድኃኒት፦ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የስኮፖላሚን ፕላስተር ለዐዋቂ እንጂ ለልጅ አይደለም። ዐዋቂውም ከመነሣቱ ቢያንስ አራት ሰዓት አስቀድሞ ነው የሚለጥፈው፤ እስከ ሦስት ቀን ያገለግላል። የነካ እጅ ይታጠብ፤ በዚያ እጅ ዐይን ቢታሽ ብሌኑ ይሰፋል፣ እይታም ይደበዝዛል። ለልጆቹ የሚሆነውን ዓይነትና መጠን የሕፃናት ሐኪም ይንገራችሁ። ማንኛውንም መድኃኒት ደግሞ የብስ ላይ ሳላችሁ አንድ ቀን ሞክሩት፤ ማን እንደሚያንቀላፋና ማን እንደሚነጫነጭ ከወዲሁ ይታወቃል። አንዳንዱ ልጅ በእንቅልፍ ፋንታ ቀኑን ሙሉ ሲዘል ይውላል።

ካስመለሳት በኋላ በማንኪያ በማንኪያ ፈሳሽ ስጫት፤ አንድ ብርጭቆ በአንድ ጊዜ ከሰጠሻት ይመለሳል። ሽንቷ ከቀነሰና ከጠቆረ፣ ስታለቅስ እንባ ከሌላት፣ ያኔ ጥቃቅን ጭንቀት መሆኑ ቀርቷል፤ በሳተላይት ስልክ ሐኪም የምትጠይቁበት ሰዓት ነው።

ወላጆች የሚዘነጉት ሌላው የእነሱ ሕመም ነው። ልጆቹ በሦስተኛው ቀን ብስኩት ሲጠይቁ እናት ባልዲ አቅፋ ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ወደብ ላይ ተሠርቶ ይሂድ፤ ልጅ ራሱ ከፍቶ የሚበላው ነገር በእጁ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

እኔ በበኩሌ ከማዕበል ይልቅ የምፈራው የፈላ ውሃ ነው። ምድጃው ከጀልባዋ ጋር ቢወዛወዝም ድስቱን የያዘው ሰው አይወዛወዝም። ምግብ የሚሠራው ሰው ረጅም ሱሪና ጎማ ሽርጥ ይልበስ፣ ስኒ ከግማሽ በላይ አይሞላ፣ ምድጃው ሲነድ ልጅ ማድ ቤቱ አጠገብ አይለፍ። የስኒው ጠብ እዚህ ላይ ቢነሣ አይከፋኝም።

የሸራ እናት ጻፈች፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ የድምፅ አዳኝ ተብሎ ተሹሟል፤ ከአሁኑ ወደብ ላይ እያለን የመሳቢያ እጀታ ሲያዳምጥ ውሏል። ነርሷ፣ መድኃኒቱን በዚህ ሳምንት እንሞክራለን።

የእናቴን ነገር ግን ማንም አልነካልኝም። ነጥቧን የሚያሳየውን ድረ ገጽ ከአሁኑ ተምራ በየሰዓቱ ትከፍተዋለች። ገና ወደብ ላይ ነን እኮ!

ደረቅ መሬት ጻፈች፦

ይህ የእኔ ጉዳይ ነው። ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ወንድሜና ቤተሰቡ ሲሻገሩ ግን ነጥቧን የጠበቅሁት እኔ ነኝ።

መሣሪያቸው በየአራት ሰዓቱ ያሉበትን ቦታ ይልክ ነበር። አንድ ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የነበረችበት ቦታ፣ ስተኛም፣ ውሃ ልጠጣ ስነሣም፣ ሲነጋም እዚያው ናት። ካርታውን አቀረብኩት፤ ሰማያዊ ብቻ። አራቅሁት፤ ሁለት አህጉርና በመካከላቸው አንዲት ቀይ ነጥብ። ገጹ ላይ የጀልባዋ ፍጥነት «5.8 ኖት» ይላል፤ ቦታዋ ግን አይንቀሳቀስም። ይህን ሳይ ጭራሽ ሆዴ ባር ባር አለ። ለካ ያ ቁጥር ከመጨረሻው መልእክት ጋር የመጣ ነው፤ ነጥቧም «እዚህ ናቸው» ማለቷ ሳይሆን «መጨረሻ የሰማሁት እዚህ ነው» ማለቷ ነው። ይህን አስቀድሞ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጥቧ ተነሥታ ብዙ ርቀት ዘለለች። የመሣሪያው መሙያ ሽቦ ጫፉን ጨው በልቶት ኖሯል፤ እነሱ በሰላም ዓሣ እያጠመዱ ነበር።

ስለዚህ ከመነሣትሽ በፊት ለእናትሽ አንድ ገጽ ጻፊላት፤ በስልክ አትንገሪያት፣ የተነገረ ይረሳል። ነጥቧ ብትቆም ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ይጻፍ፦ ባትሪ፣ ሽቦ፣ የአገልግሎት ክፍያ ማለቅ። ከስንት ሰዓት ዝምታ በኋላ ለማን እንደምትደውል ይጻፍ፤ እኛ ያኔ 48 ሰዓት ብንባባል ኖሮ አንድ ሌሊት እተኛ ነበር። የጀልባዋ ስም፣ ቀለሟ፣ የሬዲዮ መለያ ቁጥሯ፣ በላይዋ ያሉ ሰዎች ቁጥርና ኃላፊነቱ ያለበት የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ማዕከል ስልክ ይኑርበት። የአደጋ ጊዜ ማስተላለፊያችሁ ሌላ መሣሪያ መሆኑንም ንገሪያት፦ እሱ ከተቀሰቀሰ በ406 ሜጋኸርትዝ በሳተላይት በኩል ለነፍስ አድን ማዕከላት ይደርሳል፤ እነሱም በምዝገባው ላይ ወደ ሰፈረው የቤተሰብ ስልክ ይደውላሉ። የእናትሽ ስልክ ከሆነ የተመዘገበው፣ የማታውቀው የውጭ አገር ቁጥር ሲደውል እንዳትዘጋው!

«በየቀኑ እጽፍልሻለሁ» ብለሽ ደግሞ ቃል አትግቢላት። ቃል የተገባለት መልእክት ሲዘገይ ነው የሚያስፈራው። የመድረሻ ቀንም አትንገሪያት፤ «ከ18 እስከ 26 ቀን ባለው ውስጥ» በያት።

የሸራ እናት ጻፈች፦

ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። የተመዘገበው ስልክ የእናቴ ነው፤ የማታውቀውን ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ትዘጋለች። የወንድሜን እጨምርበታለሁ።

ጓዳ ጠባቂ ጻፈ፦

ሙዙ በአንድ ቀን ይበስላል። ይህን ተቀበይና አትጨነቂበት። ሙዝ ሲበስል ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ጎረቤቱን ያበስላል፣ ጎረቤቱም ሌላውን። ሙሉ ዘለላ ከገዛሽ ከሌላው ፍራፍሬ አርቀሽ ስቀዪው፤ ከተቻለ ግን በተለያየ የብስለት ደረጃ ያለ ከፋፍለሽ ግዢ። ቀሪውን ዳቦ ውስጥ አስገብታችሁ ትጋግሩታላችሁ፤ በአራተኛው ቀን ማንም ሙዝ ማየት አይፈልግም።

እንቁላል ያልታጠበና ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ከሆነ፣ በየጥቂት ቀኑ እየተገለበጠ ለሳምንታት ይቆያል። ከተጠራጠርሽ ውሃ ውስጥ ክተቺው፤ የተንሳፈፈው ይጣላል። ጥቅል ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ብርቱካን ረጅም ዕድሜ አላቸው። በመረብ ሲሰቀሉ ግን ግድግዳ እንዳይነኩ፤ ጀልባዋ ስትወዛወዝ በሁለት ቀን ይጨመቃሉ። ካርቶን የሚባል ነገር ወደ ጀልባ አይግባ። በካርቶኑ ሽፋኖች መካከል የበረሮ እንቁላል ይኖራል፤ መሃል ባሕር ላይ የተፈለፈለ በረሮ የት ይሄዳል?

ውሃን በስሌት ያዢው። በሰው በቀን 4 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰያ ብትይ፣ ለአራት ሰው ለ21 ቀን 336 ሊትር ነው። የባሕር ውሃ ማጣሪያ ቢኖራችሁም ማጣሪያው እንደሌለ አድርገሽ አስቢ። ውሃው ሁሉ በአንድ ታንክ አይሁን፤ አንዱ ቢያፈስ ወይም ጨው ቢገባበት ሌላው ይተርፋል። የተወሰነው በጀሪካን ይያዝ፤ ጀሪካኑን ሞልተሽ አትድፈኚው፣ ትንሽ አየር ያለበት የንጹሕ ውሃ ጀሪካን በጨው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል።

ልብሱን በተመለከተ፣ በባሕር ውሃ የታጠበ ልብስ አይደርቅም። የደረቀ መስሎሽ ታጥፊዋለሽ፤ ማታ ጨው ከአየሩ እርጥበት ስቦ እንደገና ይረጥባል። ልጆቹ ውጭ የሚውሉበት አንድ የጨው ልብስ ይኑራቸው፣ ወደ መኝታ በሩ ሲደርሱ ያውልቁት፤ በጨው ልብስ አልጋ ላይ መውጣት ክልክል ይሁን። አንዴ ጨው የገባበት ፍራሽ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እርጥብ ነው።

ቆሻሻውንም አስቢበት። ፕላስቲክ የትም ባሕር ላይ አይጣልም፤ ማርፖል የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በፍጹም ይከለክላል። የምግብ ትራፊ ከየብስ ከ12 የባሕር ማይል ወዲያ ይፈቀዳል፤ በልዩ ጥበቃ ሥር ባሉ ባሕሮች ግን፣ ካሪቢያን አንዱ ነው፣ ሕጉ ይጠብቃል። ስለዚህ ማሸጊያውን ወደብ ላይ አስወግዳችሁ ተነሡ። የሚተርፈውን ፕላስቲክ በጨው ውሃ አጥባችሁ፣ በመቀስ ቆራርጣችሁ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቁት። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ ለምን እንደሚወዱት አልገባኝም።

በልጅነቴ የተሻገርኩ ጻፈ፦

ሁላችሁም ስለ ወላጆች ጭንቀት ነው የጻፋችሁት። እኔ ስሻገር ልጅ ነበርኩ፤ የልጅ ጭንቀት ሌላ ነው።

ማዕበል አላስፈራኝም፤ አባቴ ካልፈራ እኔ ለምን እፈራለሁ? የሚያስፈራኝ ሹክሹክታ ነበር። እናትና አባቴ እኛን ላለማስጨነቅ ብለው ማድ ቤት ውስጥ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ፣ ያልሰማሁትን ቃል ሁሉ በራሴ ሞላሁት። በኋላ ስጠይቅ የሚወያዩት ስለ ሽንት ቤቱ ፓምፕ ነበር። በልጅ ፊት ጮክ ብላችሁ «ሽንት ቤቱ ተዘግቷል፣ አባትህ ሊከፍተው ነው» በሉ፤ ደስታውን አትችሉትም።

ሌላው የልደቴ ጉዳይ ነበር። ሰዓት እየቀየርን ስንሄድ ልደቴ የሚጠፋ መስሎኝ ለቀናት በልቤ ይዤ ኖርኩ። ሰዓት ለምን እንደሚቀየር ለልጆቻችሁ ቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ ብርቱካንና የእጅ ባትሪ ይበቃል። በየ15 ዲግሪ ኬንትሮስ አንድ ሰዓት ነው፤ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ እንዲያውም ትርፍ ሰዓት ታገኛላችሁ።

እውነተኛ ሥራም ስጧቸው። የውሸት ሥራ ልጅ ያውቃል። እኔ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የጀልባዋን መዝገብ እሞላ ነበር፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ የአየር ግፊት። አንድ ቀን ግፊቱን አሳስቼ ጽፌ እናቴ ያንን ቁጥር አይታ ስትደነግጥ፣ መዝገቡን በእርግጥ እንደሚያነቡት ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ነበር የማየው።

ለትንሿ አንድ ነገር፦ ለማንም የማይፈቀድ የራሷ ቦታ ይኑራት፤ መኝታዋ ላይ መጋረጃ ቢሆንም ይበቃል። በ12 ሜትር ውስጥ አራት ሰው ሦስት ሳምንት ሲኖር ወንድሟ የሚያናድዳት በመተንፈሱ ነው።

አሮጌ መልህቅ ጻፉ፦

ይህ ልጅ የጻፈውን ሁለቴ አነበብኩት። የሹክሹክታው ነገር እውነት ነው።

ሰዓትን በተመለከተ፣ የጀልባዋን ሰዓት በአንድ ጊዜ አትለውጡት። ከካናሪ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች በሕጋዊው ሰዓት አራት ሰዓት ልዩነት አለ፤ በየአምስት ቀኑ አንድ ሰዓት ብትመልሱ ልጆቹ አያውቁትም። ሰዓቱ በሚለወጥበት ቀን ደግሞ በጥበቃ ተራው ላይ የሚመጣውን ትርፍ ሰዓት ለሁለት ተካፈሉት፤ አለበለዚያ አንዳችሁ አራት ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ የሚነሣው ጠብ ደግሞ ከስኒው ይከፋል።

አሁን ማንም ስላላነሣው የመጨረሻ ሌሊት ልናገር። ጥቃቅኑ ጭንቀት ሁሉ ተሰብስቦ የሚመጣው ያን ሌሊት ነው። የብስ ሊታይ ነው፣ ሁሉም ደክሟል፣ ልጆቹ በየደቂቃው «ደረስን?» ይላሉ፣ ስልኩ ላይ አይስክሬም የሚሸጥበት ቦታ እየተፈለገ ነው። ስሌቱ ሲሠራ ደግሞ ሁልጊዜ የምትደርሱት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ይሆናል። ሞተር አስነሥተን በምሽት እንግባ የሚል ሐሳብ ይመጣል። በማታውቁት ወደብ በጨለማ አትግቡ። መልህቅ ላይ ያለ መብራት የሌለው ጀልባ አለ፣ የዓሣ መረብ አለ፣ በከተማው መብራት መካከል የወደቡ መብራት አይለይም። ከአንድ ቀን ርቀት ላይ ሸራ አሳጥራችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ቀድማችሁ ከደረሳችሁም ሸራውን አመጣጥናችሁ ጀልባዋን ባሕር ላይ አቁማችሁ ንጋትን ጠብቁ። ውሳኔው ዛሬ፣ ወደብ ላይ ሳላችሁ፣ በጽሑፍ ይደረግ። ያን ሌሊት የሚወስን ጭንቅላት አይኖራችሁም።

ገመድ ፈታሽ ጻፈ፦

በዚህ ላይ ከጋሽ መልህቅ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ይመዝገብልኝ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ከ2011 ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ሳርጋሰም የሚባለው ተንሳፋፊ የባሕር አረም በብዛት ይታያል። የዓሣ መንጠቆውን በየደቂቃው ይይዛል፣ አንዳንዴም መሪው ላይ ይጠመጠማል። ጀልባዋ ያለ ምክንያት ፍጥነቷ ከቀነሰ መጀመሪያ ወደ ኋላ ጎንበስ ብላችሁ መሪውን እዩ። አደጋ የለውም፤ ዓሣ የማጥመድ ተስፋን ግን ይገድላል።

የሸራ እናት ጻፈች፦

ጋሽ መልህቅ፣ የመጨረሻውን ሌሊት ውሳኔ ጽፈን ሁለታችንም ፈርመንበታል፤ ልጆቹም ምስክር ሆነው ፈርመዋል። ሰዓቱንም እንዳሉት እናደርጋለን።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለማንሣት እያፈርኩ። ባለቤቴ በሌሊት ተራው ላይ ሲሆን ሽንቱን ከጀልባዋ ጠርዝ ቆሞ ነው የሚሸናው። እኔ ታች ተኝቼ እግሩ ወደ ኋላ ሲሄድ እሰማለሁ፣ እስኪመለስ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። «ታስሬ ነው» ይላል። በዚህ መጨነቄ የእኔ ማብዛት ነው ወይስ?

ነርሷ ጻፈች፦

ማብዛት አይደለም። አንድ እጁ ሱሪው ላይ ነው፣ ሌላው ምን እንደያዘ አይታወቅም፣ ከእንቅልፍ ተነሥቶ ቆሞ ሲሸና ደግሞ የደም ግፊት ድንገት ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ቁጭ ብሎ፣ ውስጥ። ለሁሉም ወንድ፣ ለልጁም ጭምር።

አሮጌ መልህቅ ጻፉ፦

ወይም በጠርሙስ። ሰፊ አፍ ያለው ይሁን፣ ምልክት ይደረግበት፣ ከውሃ ጠርሙሶቹም ይራቅ።

የሸራ እናት ጻፈች፦

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ አንብቦታል። ጠርሙሱን መርጧል። ምልክቱን እኔ አደርጋለሁ።